ጣቴ ያላየው ምስማር

ሰኞ 2

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የክሊኒኩ ነርስ ናት። «አባባ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል። የሚበሉትን በየቀኑ ይጻፉበት» አለች። የበላሁትንስ አልጽፍላትም። ሰው የጎረሰውን ለሰው ያወራል? ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በጫማ ካርቶን ላይ በከሰል እየጻፈች አስተማረችኝ። ያን ያህል ተደክሞብኝ አሁን «ጠዋት፣ አንድ ዳቦ» ብዬ ልጻፍ? የራሴን ነገር እጽፋለሁ።

ዛሬ እግሬን መረመረች። ዓይኔን አስጨፍና በቀጭን የላስቲክ ክር እዚህም እዚያም እየነካች፣ ሲነካዎት «አዎ» ይበሉ አለች። ወንበሯ አሮጌ ነው፤ ወደ እግሬ ባጎነበሰች ቁጥር ሲጥ ይላል። ሲጥ ሲል አዎ አልኩ። ሲጥ፣ አዎ። ሲጥ፣ አዎ። አንዴ ብቻ «አባባ፣ አሁን እኮ የወደቀ እስክሪብቶዬን ላነሳ ነው ያጎነበስኩት» አለች። ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች። «ደህና ነው» ብላ ጻፈች። ፈተናውን አልፌ ወጣሁ።

ክሩስ ተሰምቶህ ነበር ወይ የሚለኝ የለም። ብርዱ ነው። በዝናብ ወራት የማን እግር የማይደነዝዝ አለ?

ረቡዕ 4

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ደንበኛ የለም። ሥራ ከምፈታ ብዬ የራሴን ጫማ ሶል ለወጥኩ። ማስቲሹ በእርጥበቱ አልይዝ ስላለኝ የፊቱን ዙሪያ በትናንሽ ምስማር መታሁት።

ምስማር ከተመታ በኋላ እጅ ወደ ጫማው ውስጥ ይገባል። ይህን ከአባቴ ነው የወረስኩት። ጫማ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ዓይን አያይም፤ የሚያይ ጣት ነው። ሌባ ጣትና መሃል ጣትን አስገብተህ ከጫፍ እስከ ተረከዝ ትዳብሳለህ። ብቅ ያለ ምስማር ካለ ይቆነጥጥሃል። ያኔ ጫማውን መልሰህ በብረቱ እግር ላይ ደፍተህ ጫፉን ታስተኛዋለህ። በሃምሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሳልዳብስ ያስረከብኩት ጫማ የለም። የራሴንም ዳበስኩት። እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ያለ ነው። አጠለቅኩትና ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። እጄ ገና እጅ ነው።

ቅዳሜ 7

ቢላው አውራ ጣቴን በላኝ። ያወቅኩት ደሙ ቆዳው ላይ ሲንጠባጠብ አይቼ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ እየታረድክ ነው ወይስ ቀይ ቀለም ገዛህ?» አለኝ።

«ሂድ ፂምህን ላጭ።»

«አያምህም እንዴ?»

«ወንድ ልጅ ለጭረት ያለቅሳል?»

እውነቱን ነው የነገርኩት። አላመመኝም። ብርዱ ነው።

ረቡዕ 11

ከማዶው ትምህርት ቤት የምታስተምረው መምህር ጥቁር ጫማዋን በላስቲክ ይዛ መጣች። ባለፈው ሳምንት ሶል የለወጥኩላት ነው። ስታነክስ ከሩቅ አየኋት።

«አባባ፣ ይህ ጫማ ወጋኝ።»

«የኔ ጫማ አይወጋም።»

«ኧረ ደም አወጣኝ! ደረጃው ላይ ገና የመጀመሪያውን ስረግጥ ነው የጮህኩት። ተማሪዎቹ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ።»

ጫማውን ተቀብዬ በፊቷ እጄን አስገባሁ። ቀስ ብዬ ዳበስኩ። ከጫፍ ጀምሬ ተረከዝ፣ ከተረከዝ ጀምሬ ጫፍ። ምንም የለም። «ይኸው። ምናልባት ድንጋይ ገብቶብሽ ይሆናል እንጂ እኔ ሃምሳ አንድ ዓመት…» እያልኩ እጄን አወጣሁ።

እሷ የምለውን አልሰማችም። እጄን ነው የምታይ።

«አባባ… ጣትዎ።»

ሌባ ጣቴ ጫፉ ላይ ተቀዶ ደሙ ወደ መዳፌ እየወረደ ነበር።

«የቅዳሜ ቁስል ነው» አልኳት። «ቢላ ነው።»

ምንም አላለችኝም። ጫማዋን ላስቲኳ ውስጥ መልሳ ከተተችና ሄደች። ቢሰድበኝ የሚሻለኝ ሰው እንዲህ ዝም ሲለኝ ነው የማልወደው።

ሐሙስ 12

የቅዳሜው ቁስል አውራ ጣቴ ላይ ነው።

እሁድ 15

ዛሬ ሱቅ አልከፈትኩም። በሬን ዘግቼ ራሴን ፈተንኩ። ጠረጴዛው ላይ አዝራር፣ ምስማር፣ የክብሪት እንጨት፣ የተቆረጠ ቆዳ ደረደርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ አንድ አንዱን አነሳሁ። አዝራር ያልኩት ቆዳ ሆነ። ክብሪት ያልኩት ምስማር ሆነ። ደጋግሜ ሞከርኩ። ላብ አጠመቀኝ። በዚህ ብርድ!

ዓይኔን ስገልጥ ግን እጄ እንደ ድሮው ነው። ያዝ ስለው ይይዛል፣ ጠምዝዝ ስለው ይጠመዝዛል። ክር እንኳ በመርፌ ቀዳዳ አስገባሁ። መታዘዙን ይታዘዛል። ሄዶ ያገኘውን ግን አይነግረኝም። ድሮ ጣቴ ነበር የሚነግረኝ፣ ቆዳው ስሱ ነው፣ ደረቅ ነው፣ እዚህ ጋ አሮጌ ስፌት አለው እያለ። አሁን እንዳኮረፈ ሰው የታዘዘውን ሠርቶ ዝም።

በዚህ መሃል ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«እንደ ብረት።»

«መድኃኒትህን እየወሰድክ?»

«አንቺ ትኬትሽን ቁረጪ» አልኳት። አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ሻጭ ናት። ሳቀች። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግራት ሱቁን ዝጋ ትለኛለች። ሱቁን ከዘጋሁ ደግሞ እኔ ምንድን ነኝ? ወንበር ላይ ተቀምጦ ምሳ የሚጠብቅ ሽማግሌ። ሆድ ይፍጀው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ አልደበቅኩም። የሚያመኝ ነገር የለም እኮ። ያላመመኝን ምኑን ልናገር?

ሰኞ 16

የግራ ካልሲዬ እርጥብ ነው። ሶሉ ያፈሳል? እኔ የመታሁት ሶል? አያፈስም። ላብ ይሆናል።

ረቡዕ 18

ሱቁ ይሸታል። አይጥ አንድ ቦታ ሞቷል። ቆዳውን በሙሉ አወጣሁ፣ መደርደሪያውን ገፋሁ፣ የማስቲሹን ጣሳ ሁሉ አነሳሁ። አላገኘሁትም።

ካልሲዬ ዛሬም እርጥብ ነው።

ዓርብ 20

አይጡ ቤቴ ገባ። ምን ዓይነት ነገር ነው? ሱቅ ስሆን ሱቅ ይሸታል፣ ቤት ስሆን ቤት ይሸታል። አልጋውን ሳብኩ። ከጀርባው የባለቤቴን ማበጠሪያ አገኘሁ፣ አይጥ ግን የለም።

ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሻይ ልጠጣ ገብቼ ነበር። እንደተቀመጥኩ ወንበር ላይ የነበረው ደንበኛው አፍንጫውን በፎጣው ሸፈነ። ጎረቤቴ ሰውየውን አስተካክሎ ሸኘውና ተመልሶ ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ጫማህን እስቲ አውልቅ» አለኝ።

«አንተ ከአንገት በላይ ተመልከት። ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው የኔ ግዛት ነው።»

አልሳቀም። ይህ ሰው ሳይቀልድ ያየሁት ባለቤቴን የቀበርን ዕለት ብቻ ነው። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም።

ብርድ ብርድ ይለኛል። ጫማዬን ግን ማውለቅ አላስፈለገኝም። ትናንትም ከነጫማዬ ጋደም አልኩ። ደክሞኝ ነው።

እሁድ 22

ሁሉንም ልጻፍ። ካልጻፍኩት ነገ አልሆነም እላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ልጄ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ትመጣለች። በሩን እንደከፈትኩላት ወደ ኋላ አለች።

«አባዬ! ምንድን ነው የሚሸተው?»

«አይጥ ነው። ሰሞኑን እየፈለግሁት ነው።»

ቦርሳዋን ጥላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ቁም ሳጥኑን ገፋን። ምንጣፉን አነሳን። እሷ በጉልበቷ ሆና በአፍንጫዋ ትፈልጋለች። ከቁም ሳጥኑ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ አልጋው እያለች እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ሥር ደረሰች። እዚያ ቆመች። ቀና አላለችም።

«አባዬ፣ ጫማህን አውልቅ።»

«በርዶኛል።»

«አውልቅ አልኩህ!»

እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ክሩን ራሷ ፈታችው። ጫማው ወጣ፤ ካልሲው ግን አብሮ አልወጣም፣ ተጣብቋል። በሞቀ ውሃ እያራሰች ቀስ ብላ ላጠችው። ከትንሿ ጣቴ ሥር ጉድጓድ አለ። ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ጠቁረዋል። እግሬ እስከ መሃሉ ቀይ ነው፣ አብጧል። ያ ሁሉ ሽታ ከዚያ ነው።

ጫማውን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። «ምስማር አለ» አለች። ሰጠችኝና እኔም አየሁት። የሩዝ ፍሬ የምታህል ጫፍ፣ በእግሬ ክብደት ተወልውላ የምታብለጨልጭ። እኔ ነኝ የመታኋት። እኔ ነኝ ዳብሼ የለችም ያልኩ። መምህሯ በአንድ እርምጃ ጮኸች። እኔ አስራ ስምንት ቀን ረገጥኳት።

ልጄ ታለቅሳለች። እኔ እግሬን አየዋለሁ፣ የሌላ ሰው እግር እንደማይ። እየደጋገመች «አያምህም? ይሄ አያምህም?» ትላለች። አያመኝም። ቢያመኝ ምን ነበረበት! ሰው ቁስሉን ይፈራል፤ እኔ ዝም ያለው ነገር ነው ቀልቤን የገፈፈኝ። እስከ ዛሬ ስንት ነገር ዝም ብሎኛል?

ሰኞ 23

ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ልጄን የሚያህል ነው፤ ትሑት ነው። በትንሽ የጎማ መዶሻ ጉልበቴን ሲመታው እግሬ ተፈናጥሮ ሊረግጠው ምንም አልቀረው። «ይቅርታ ልጄ፣ እኔ አይደለሁም» አልኩት። «አውቃለሁ አባቴ» አለ፤ «የጉልበቱ ወሬ ጭንቅላት ድረስ አልሄደም። ከጀርባ አጥንትዎ ላይ ነው ትእዛዝ የተመለሰለት። እርስዎ የሰሙት ከተራገጡ በኋላ ነው።» ቀጥሎ ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት መታ። ምንም። ደገመው። ምንም። የሚነዝር ብረት አውራ ጣቴ ላይ አቆመ። «ይነዝራል?» አለኝ። ብረቱ ሲንቀጠቀጥ ዓይኔ ያያል። አዎ ልል ነበር። ልጄ አየችኝ። «አይሰማኝም» አልኩ።

ያስረዳኝን እንደገባኝ ልጻፍ። ሰውነት ውስጥ ነርቭ የሚባል አለ። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቆዳ የነካውን፣ ሙቀቱን፣ ውጋቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ጭንቅላት። ሁለተኛው ከጭንቅላት ትእዛዝ ይዞ ይወርዳል፣ ጡንቻውን ሳብ፣ ልቀቅ ይለዋል። ሁለቱ በአብዛኛው መንገድ አንድ ላይ ታስረው ነው የሚሄዱ። ስኳሩ ሲከርም ይበላቸዋል፤ ከረጅሞቹ ይጀምራል። ለዚህ ነው በእግር ጣት ጀምሮ ቆይቶ ወደ እጅ ጣት የሚመጣው። የኔ ወደ ላይ የሚወጣው ነው የተበላ። የሚወርደው ገና ይሠራል።

«ገባኝ» አልኩት። «ጫማ በእጅ ሲሰፋ በሁለት መርፌ ነው። አንዱ ክር ከውጭ ይገባል፣ አንዱ ከውስጥ ይወጣል፤ ቀዳዳው አንድ ነው። አንደኛው ቢበጠስ ሌላው ጫማውን ይዞ ያቆየዋል። ባለቤቱ አያውቅም፤ ይራመድበታል።»

ሐኪሙ ጽሑፉን ተወና አየኝ። «ልክ እንደዚያ ነው። ከእንግዲህ ለበሽተኛ ስነግር ይህን እላለሁ» አለ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። በዚያች ቅጽበት እንኳ። ሽማግሌ ሞኝ ነው።

ከዚያ «አባቴ፣ ሁለቱ ጣቶች ሞተዋል። አጥንቱም ተመርዟል። ዛሬውኑ መቁረጥ አለብን» አለ።

«አያመኝም እኮ!»

«እሱ ነው ችግሩ።»

«በፋሻ ይታሰር፣ መርፌ ውጋኝ፣ እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ። ጫማ የሚሰፋ ሰው እግሩ አይጎድልም።»

«ከቆየ ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ ጣት ብቻ አይሆንም።»

ተነሳሁ። ልጄ እጄን ያዘች፤ አስለቀቅኩ። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው እያየ «አባዬ፣ በፈጣሪ!» እያለች ተከተለችኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ወጣሁ። አንድ እግሬ በጫማ፣ አንዱ በፋሻና በላስቲክ ተጠቅልሎ።

እዚህ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስጽፈው የሠራሁት ትልቅ ሥራ መስሎኛል። ጥርሴ ግን እየተንገጫገጨ ነው።

ማክሰኞ 24

ትኩሳት። ልጄ ከሥራ ቀርታ አብራኝ ናት። አንነጋገርም። ሐኪሙ የሰጣትን ኪኒን ትሰጠኛለች፣ እውጣለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ነበረኝ። አዲስ ጥንድ ጫማ ይገዛና ሶል ሊያስለውጥ ሲመጣ አንዱን ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ቀኙን። ሌላው ቤቱ እንደ አዲስ ተቀምጧል። «ግራውን ለምን አትሸጠውም?» ብዬ ቀልጄበት ነበር። «ማን ይገዛኛል?» አለኝ። ያን ቀን ስቄያለሁ። ምኑ ነበር ያሳቀኝ?

ከሰዓት በኋላ ልጄ እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ቅላቱ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ደርሷል። ያበቃበትን ተከትላ ቆዳዬ ላይ ዙሪያውን መስመር አሰመረች። ስታሰምር አልተሰማኝም።

«ሐኪሙ ነው እንዲህ አድርጊ ያለኝ» አለች። «ነገ ጠዋት መስመሩን ካለፈ አልለምንህም አባዬ። ለጎረቤትህ ነግሬዋለሁ፣ ተሸክመን ነው የምንወስድህ።»

«እስቲ ትሞክሩኝ።»

«እንሞክርሃለን።»

በእናቷ ወጥታለች። እንዲህ የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ረቡዕ 25

አልፏል። በአራት ጣት።

መብራት ሳላበራ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው ያየሁት። መስመሩ እዚያ ታች ቀርቷል። ቅላቱ ወደ ቅልጥሜ ይወጣል። እግሬ ይህን ሁሉ ሲሠራ አንድ ቃል አልነገረኝም።

ልጄን ቀሰቀስኳት። መኪና እየመጣ ነው። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ነው። ፈርቻለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ ነው የምጽፈው። ፈርቻለሁ።

ሰኞ 30

ሆስፒታል። አልጋዬ መስኮት ጋ ነው።

ሁለት ጣት የነበረው አምስቱም ሆነ፤ ከነፊተኛው አጥንት። ተረከዙን ትተውልኛል። ሐኪሙ «እግርዎ ተርፏል አባቴ» ይለኛል። ሰኞ ቢሆን ኖሮ ሁለት ነበር። ሦስቱን ሐኪሙ አይደለም የቆረጣቸው፣ እኔ ነኝ፤ በዚያ ኮሪደር ውስጥ ስሄድ። ልጄ ይህን አንድ ቀን እንኳ አልተናገረችም። ምነው በተናገረችና በተገላገልኩ።

ከእንቅልፌ ስባንን አንድ ሌላ ነገር መጣብኝ። መምህሯ አንዷ ናት። በዚህ ወር ምስማር የመታሁበት ጫማ ስንት ነው? ሁሉንም በዚህ ጣት ነው የዳበስኩ። ከነዚያ ውስጥ እንደኔ እግሩ ዝም ያለ ሰው ቢኖርስ? አሁን፣ እኔ እዚህ ተኝቼ፣ አንዱ እየረገጠው ቢሆንስ?

ልጄን አስቀምጬ አስጻፍኳት። ስማቸውን ባላውቅ ጫማቸውን አውቃለሁ። ቡናማ ባለ ማሰሪያ፣ የፖስታ ቤቱ ዘበኛ። ጥቁር ባለ ዘለበት፣ ፋርማሲ ያለችው። አስራ ሰባት ጥንድ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እናት ስኳር አለባቸው፤ የሳቸውን ጫማ ያደስኩት በ9 ነው። «መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂጂ» አልኳት። «አሁን ሂጂ። ሩጪ።»

ሐሙስ 3፣ አዲስ ወር

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ሱቁን ዘግቶ ከልጄ ጋር በየቤቱ ሲዞሩ ሰንብተዋል።

«አስራ ሰባቱንም አገኘናቸው» አለ። «አራቱ ውስጥ ምስማር ነበር።»

«አሮጊቷስ?»

መጀመሪያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይህ ሰው ሆን ብሎ ነው የሚያሰቃየኝ።

«አሮጊቷስ አልኩህ!»

«የሳቸው አንዱ ከአራቱ ነው። ግን ጫማው ከነላስቲኩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ዝናቡ ሲያባራ ላደርገው ብዬ ነው አሉ። አንድ ቀንም አላደረጉትም።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«መምህሯንስ?»

«እንዳልከኝ ነገርኳት። ‹ያልሽው እውነት ነው፣ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ ብሏል› አልኳት። ‹ጣታቸው ዳነ ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ።»

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ሊሄድ ሲል የታሰረውን እግሬን አየት አድርጎ፣ «ከእንግዲህ ጠብ አታንሳ» አለኝ። «አንተ እግሬ አውጪኝ ብትል፣ እግርህ ማን ልበል ነው የሚልህ።» የአጠገቤ በሽተኛ ቁስሉን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስስቅ እንባዬ መጣ፤ በሳቁ አሳበብኩ።

እሁድ 13

ከሆስፒታል ወጥቼ ልጄ ቤት ነኝ። ለጊዜው ነው ብያታለሁ። «አዎ፣ ለጊዜው» ትላለች፤ ልብሴን ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ደርድራዋለች።

ሐኪሙ ሲሸኘኝ ያለው እንዲህ ነው። ቀኝ እግርዎም እንደ ግራው ነው፤ ወሬ አይነግርዎትም። ስለዚህ በየቀኑ በዓይን ይታይ፤ ከላይ፣ ከታች፣ በጣቶቹ መሃል። ራስዎ ካልቻሉ ሰው ይይልዎት።

ልጄ ማታ ከሥራ ስትገባ እግሬን ልታይ መጣች። «ራሴ አይቻለሁ» አልኳት። የአባትን ውስጥ እግር ተንበርክኮ ማየት ምን የሚሉት ነው? መስታወት ወለል ላይ አስቀምጬ አየሁ። የሚታየኝ ነጭ ጭጋግ ነው። መነጽሬንም አድርጌ ያው ነው፤ ለስፌት የተሠራ ነው፣ ወለል ድረስ አይደርስም። ቢሆንም አይቻለሁ።

እሁድ 20

ዛሬም «አይቻለሁ» አልኳት። ሰባት ቀን ሙሉ።

ቀኙ ዝም ብሏል። ቀን ቀን ግራው ይጠዘጥዘኛል፣ የሌሉት ጣቶች ሁሉ ሳይቀሩ። እሱን አልፈራውም፣ ቢያንስ ይናገራል። ቀኙን ብርድ ልብሱን ገልጬ አየዋለሁ። ደህና የሆነ ይመስላል። ግራውም ደህና ይመስል ነበር።

ቅዳሜ 26

ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበር በክራንች ስሻገር ቀኝ እግሬ የጠረጴዛውን እግር መታ። ጓ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ከእግሬ ምንም አልመጣም። ካልሲዬን አወለቅኩ። መስታወቱን አስቀመጥኩ። ጭጋግ። በጣቴ ልዳብስ አልኩና እጄ መንገድ ላይ ቆመ። ጣቴ ምን ሊነግረኝ ነው?

ልጄ ወጥ ቤት ነበረች። ሥራ ልትገባ ቸኩላለች፣ የዕቃው ድምፅ ይነግርሃል። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

«ልጄ» አልኩ።

«ወይ አባዬ?»

«ነይ እስቲ። እግሬን እዪልኝ።»

የዕቃው ድምፅ ቆመ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። እንደለመደች ሰው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እግሬን ጭኗ ላይ አኖረችው። መያዟን ያወቅኩት አይቼ ነው። ተረከዜን አዟዟረች። ውስጥ እግሬን አየች። ጣቶቼን አንድ በአንድ መለያየት ጀመረች። ከትንሿ ጀመረች፣ ቀጥሎ ጎረቤቷን፣ ከዚያ መሃል ጣቴ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ ቀረበች።

ሃምሳ አንድ ዓመት የሰው እግር ሳይ ኖሬ የሰው ፊት ማየት አልለመድኩም። ዛሬ ፊቷን አየሁት፤ ዓይኔን ሳልነቅል። ግንባሯ ተጨማደደ። የታችኛውን ከንፈሯን ነከሰች።

«ምን አለ?»

«ቆይ።»

«ቀይ ነው? ጠቁሯል? ንገሪኝ።»

«ቆይ አልኩህ አባዬ።»

በጥፍሯ አንድ ነገር ጫረች። አነሳችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አደረገችው። ከዚያ ግንባሯ ተፈታ።

«የካልሲ ክር ነው» አለችና እፍ አለችው። «ምንም የለህም። ንጹሕ ነው።»

እግሬን ልታወርድ ስትል ትከሻዋን ያዝኩት።

«ደግመሽ እዪ» አልኳት።